ካርድ ቁጥር አርባ አንድ

መርሳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለአስተማሪዬ ለሸሻይ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። አዲስ አበባ ካሠለጠንኸን ከአሥራ ስምንት የንባብ ቤት ሠራተኞች የአሥራ ሰባቱ ገጽ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ የመርሳ ንባብ ቤት ብቻ ለምን ቀረ ብለህ ጠይቀሃል። እነግርሃለሁ። ሳትጣደፍ አንብበው፤ አጭር አይደለም።

ኮምፒውተሩ መጥቷል። ያለው ግን ንባብ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ኃላፊያችን አቶ አብዱልሐሊም ቢሮ ነው። ሚስቱ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍኖ የላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው። በእኔ ፊርማ ነው የገባው፤ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል ይለኛል። ካልተነካ እንዴት ይሠራል ስለው፣ ካልተነካማ አይበላሽም አለኝ። ምን ትለዋለህ?

ተስፋ ሳልቆርጥ ወልድያ ሄድሁ። አንዲት የማውቃት ልጅ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተርም መስመርም አለ። ወደ አዲስ አበባ የሚደወለው ግን በኦፕሬተር በኩል ነው። አገናኘችን፤ ኮምፒውተሮቹ ሲገናኙ ይሰማል ብለህ ያስተማርኸን ጩኸት ጀመረ፤ ልቤ ሞቅ አለ። ወዲያው ቡርቱካን የምትባለው ኦፕሬተር መሀል ገብታ ሃሎ፣ ሃሎ አለችና ቆረጠችው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው፣ «እትየ፣ ይሄ መስመር እየጮኸ አስቸገረኝ፤ ለጥገና ላመልክትልዎ?» አለችኝ። እየረዳችኝ መስሏት ነው እንግዲህ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖብኝ ተመለስሁ።

ስለ አስፋው ስለጠየቅህ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ ከዘመተ ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። የመጨረሻው ደብዳቤው የተጻፈው የካቲት ላይ ከጾረና ግንባር ነው። ከመጋቢት ወዲህ ድምፁ የለም። ሞተ ያለኝም፣ አለ ያለኝም የለም። አዲስ አበባ ሳለን ስሙን ከነመልኩ ገጹ ላይ እንድናወጣው ለምኜህ እንቢ ብለኸኛል። አሁንም እለምንሃለሁ። ዓለም ሁሉ ያነበዋል ያልኸን አንተው ነህ። አንድ ልጄ ነው።

ዘነበች


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘነበች፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። እዚህም ቢሆን የሚያስቡትን ያህል አልተመቸንም። አንድ መስመር ለስድስት ሰው ነው፤ ተራዬ ሲደርስ መብራት ይሄዳል።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አማርኛውን በኮምፒውተር ጽፎ ማውጣት ከንቱ ድካም ነው። እኔ ጋ ያለው ፊደል ሌላው ጋ ከሌለ የሚያየው ነጥብና ሳጥን ብቻ ነው። የአሥራ ሰባቱ ገጽ ወጥቷል ያልሁዎትም እንዲህ ሆኖ የወጣ ነው፤ እኔም ሁለቱን ብቻ ነው ማንበብ የቻልሁት። ስለዚህ ለእርስዎ ሌላ ዘዴ አሰብሁ። ከንባብ ቤቱ መጻሕፍት አርባ ይምረጡ። ለእያንዳንዳቸው በዚያ ውብ የእጅ ጽሑፍዎ የካታሎግ ካርድ ይጻፉ፤ ደራሲ፣ አርእስት፣ የታተመበት ቦታና ዘመን፣ ቁመቱ በሴንቲ ሜትር፣ መግለጫ። ካርዶቹን እንዳሉ በማሽን ፎቶ አንስቼ አወጣቸዋለሁ። ፎቶ ፊደል አይጠይቅም። ወልድያ እናቴ ሱቅ ያድርሱልኝ፤ ወይዘሮ ኣባዲት ብለው ቢጠይቁ የማያውቃት የለም። እሷ በሚመጣ ሰው ትልክልኛለች።

ስለ አስፋው ያው መልሴ ነው፤ አይቆጡኝ። ገጹ የንባብ ቤት ገጽ ነው። የዘማች ስምና ግንባር እንዳይወጣ እዚህ በጽሑፍ ተነግሮናል፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ደግሞም እውነቱን ልንገርዎ፤ ይህን ገጽ የሚያነብ ሰው በወር አሥር ቢሆን ነው። ልጅዎን የሚያውቅ ሰው ከአሥሩ መሀል አይገኝም። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብዎት ነው።

አክባሪዎ ሸሻይ


መርሳ፣ ኅዳር 21 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለሸሻይ፣

ካርዶቹን ልኬልሃለሁ። እጄ አብጧል። ወረቀቱን የሰጠኝ አቶ አብዱልሐሊም ነው፤ ወረቀት ስለማይበላሽ አልፈራም። እንዲያውም አጠገቤ ተቀምጦ በማስመሪያ የመጻሕፍቱን ቁመት ይለካልኝ ነበር። ሰው ሥራ ሲሰጡት ይሻለዋል።

ለምን ዘገየሽ ትለኝ ይሆናል። በቀን ስንት ሰው እዚህ እንደሚገባ ብታውቅ አትጠይቀኝም። ለመጽሐፍ የሚመጣ ትንሽ ነው። የዘማች ደብዳቤ የሚደርሰው በንባብ ቤቱ አድራሻ ስለሆነ እናቶቹ ሁሉ እዚህ ናቸው። ከግራናም ከውርጌሳም በእግራቸው ይመጣሉ። ለመጣለት አነብባለሁ፣ መልሱን እጽፋለሁ፤ ላልመጣለት ምን እንደምል አላውቅም። ጎረቤቴ ትርንጎ አርብ አርብ ብርቱካን ስትሸጥ ውላ ወደ ማታ ትመጣለች። ልጇ ዳዊት ከአስፋው ጋር በአንድ መኪና ነው የሄደው፤ ዝም ያሉትም በአንድ ወር ነው። «ዛሬስ?» ትለኛለች። የለም እላታለሁ። እሷም ተመልሳ «ላንቺስ?» ትለኛለች። ለእኔም የለም። ከዚያ ያልተሸጠላትን ብርቱካን ልጠን እንበላለን።

በመጨረሻው ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ስለጻፍኸው ነገር ክፉ አልመለስሁልህም። አንተ ፊርማህን አክብር። ቅር አላለኝም ብል ግን ውሸት ነው።

ካርዶቹ በደንብ ታስረዋል። ገመዱን ስትፈታ ቅደም ተከተላቸውን አታበላሽብኝ። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አንተ ደግመህ በመቁጠር አትድከም።

ዘነበች


አዲስ አበባ፣ ጥር 4 ቀን 1992 ዓ.ም.

እትዬ ዘነበች፣

ሰላምታ አላበዛም፤ ዛሬ አልቻልሁም።

ካርዶቹን ታኅሣሥ 15 ቀን አውጥቻቸው ነበር። ማሽኑን የተዋስሁት ለአንድ ከሰዓት ብቻ ስለነበር ሳላነብ ነው አንድ በአንድ ያሳለፍኋቸው። አምኜዎት ነው። ገጹ መከፈቱንም ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በኢሜይል አስታውቄያለሁ፤ በአገር ውስጥም በውጭም። ከአራት ቀን በፊት አለቃዬ ጠርቶኝ ወረቀት አትሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። የራስዎ ጽሑፍ ነው፤ ግን ልገልብጥልዎ፤

«ቁጥር 41። ደራሲ፦ አስፋው አያሌው። አርእስት፦ የዘነበች ልጅ። ቦታና ዘመን፦ መርሳ፣ 1970። ቁመት፦ 176 ሴንቲ ሜትር። መግለጫ፦ ጠይም፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ በበቅሎ እርግጫ የቀረ ጠባሳ አለው፤ ሲቸኩል ይንተባተባል። ቅጂ፦ አንድ ብቻ። ያለበት መደርደሪያ፦ አይታወቅም፤ መጨረሻ የታየው የካቲት 1991 ጾረና። ያየ ለመርሳ ንባብ ቤት ያሳውቅ።»

አለቃዬ ይህ የየትኛው ዘርፍ መጽሐፍ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ የወልድያ ልጅ ብሆንም ስሜ ሸሻይ ነው፤ በዚህ ዓመት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለእኔ እንዴት እንደሚከብድ አይጠፋዎትም። ሦስት ቀን ማብራሪያ ስጽፍ ነው የሰነበትሁት። ለአራት ዓመት የደከምሁበት ሥልጠና ሊዘጋ ነው። የሚያናድደኝ ካርዱ አይደለም፤ አለመንገርዎ ነው።

ካርዱን በአስቸኳይ እንዳነሳ ታዝዣለሁ። መስመሩ ስላስቸገረ እስካሁን አላነሳሁትም። መስመሩ እስከ መቼ እንደሚያስቸግር አላውቅም።

ሸሻይ


መርሳ፣ ጥር 17 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለሸሻይ፣

ይቅርታ ጠይቂ ብለህ ባትጽፍም ልጠይቅህ ይገባል። አለቃህ ፊት ስላቆምሁህ ይቅር በለኝ። ስምህንና ጊዜውን አላሰብሁም፤ የራሴን ብቻ ነው ያሰብሁት። ይሄን ጥፋቴ ብለህ ያዝልኝ።

ካርዱን ስለመጻፌ ግን ይቅርታ አልጠይቅህም። ጥሩ ካርድ ማለት መጽሐፉን አይቶ የማያውቅ ሰው መደርደሪያው ላይ ሲያገኘው የሚለይበት ነው ብለህ ሰሌዳ ላይ የጻፍኸው አንተ ነህ። እኔም እንደዚያ ነው የጻፍሁት። ሳልነግርህ ማድረጌ አናድዶሃል፤ ብነግርህ እንቢ ትለኝ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

ይቅርታውን ጽፌ ሳልጨርስ ሌላ ጥፋት ልንገርህ። ትርንጎ ሰምታለች። ከአቶ አብዱልሐሊም አፍ ነው የወጣው። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ለዳዊትስ አትጽፊለትም?» አለችኝ። ተከልክሏል አልኋት። ለአስፋውም ተከልክሎ ነበር አለችኝ። ምን ልበላት? አርባ ሁለተኛውን ጻፍሁላት። ቁመቱን ስለማታውቅ አቶ አብዱልሐሊም ቤቷ ሄዶ ልጁ ሲደገፍ ራሱ የሚደርስበትን የበር መቃን ለካ። አልልክብህም፤ አትደንግጥ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እሷ ግን የተላከ ነው የሚመስላት፤ እኔም አላረምኋትም።

ዘነበች


አዲስ አበባ፣ የካቲት 13 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘነበች፣

እንዴት ነዎት? ስለ አለቃዬ አይጨነቁ፤ አልፏል። የጻፍሁብዎትን የቁጣ ቃል ይርሱልኝ። ስለ ወይዘሮ ትርንጎ ካርድ ግን እባክዎ አይጻፉልኝ፤ ለእሷም ከእንግዲህ ተስፋ አይስጧት።

አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደም ብዛት አለብዎት? ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ ከእርስዎ ጋር ሰው ይኖራል? ንስሐ አባትዎ ማን ይባላሉ?

በሚቀጥለው ሳምንት እናቴ ከወልድያ ትመጣለች። የምትሰጥዎት ወረቀት አለ። ወረቀቱን በፖስታ የማልልከው፣ ደብዳቤ በየመንገዱ ሰው እጅ ስለሚገባ ነው፤ በእኔም በእርስዎም እንዳይመጣብን። አትደንግጡ የሚለው ቃል ራሱ እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ፤ ግን አይደንግጡ።

ሸሻይ


መርሳ፣ የካቲት 26 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለሸሻይ፣

እንዴት ያለህ ሞኝ ነህ አንተ? አዲስ አበባ ስትማር አገርህን ረሳኸው? ደም ብዛት አለብሽ ወይ፣ ንስሐ አባትሽ ማን ናቸው ብለህ ጽፈህ አትደንግጪ ትለኛለህ? ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ አምስት ቀን እህል አልቀመስሁም።

እናትህ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መጡ። ከወልድያ በመጀመሪያው መኪና ተነሥተው ነው፤ ቀኑ ሳይሞቅ ለመመለስ ብለው። ብቻቸውን መንገድ ስለማይወዱ ሁለት የማኅበር ጓደኞቻቸውን አስከትለዋል። ብርድ ስለነበር ሦስቱም ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። አሁን ንገረኝ፤ ሦስት ሴቶች በማለዳ፣ ተከናንበው፣ ልጇ የዘመተባት ሴት ደጅ ሲቆሙ ለምን እንደመጡ የወሎ ሰው ምን ይላል?

መጀመሪያ ያየቻቸው ትርንጎ ናት። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። እንስራዋን ጥላ «አስፋው! አስፋውዬ!» እያለች ደረቷን መታች። መንደሩ በሙሉ ወጣ። እኔ በር ከፍቼ ሳልጨርስ ሰዎች ክንዴን ያዙኝ። እናትህ «አለ! ደህና ነው!» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው? በለቅሶ መሀል የሚጮህ ሰው የሚያለቅስ ነው የሚመስለው። አቶ አብዱልሐሊም እየሮጠ መጥቶ «አብሽሪ፣ አላህ ያጽናሽ» ብሎ ድንኳን ሊያስመጣ ሰው ላከ። በመጨረሻ እናትህ ነጠላቸውን ከላያቸው ጥለው እልል አሉ። ያኔ ነው ሰው ጸጥ ያለው። አንዳንዱ አብደዋል ብሎ ነው።

እኔ ለግማሽ ሰዓት ያህል ልጄ ሞቶብኝ ነበር። ያን ግማሽ ሰዓት ማን ይመልስልኛል? ከሁሉ የበለጠ ያለቀሰችልኝ ትርንጎ ናት። ፊቷን ቧጭራዋለች፤ እስካሁን አልደረቀም። እውነቱን ስትሰማ እላዬ ላይ ተጠምጥማ፣ የአስፋው ከተገኘ የዳዊትም አይቀርም አለችኝ።

ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አትጠይቀኝ። ሰምሃር የምትባል እንደ እኔው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከማዶ፣ ጦርነት ከገጠምነው አገር፣ ካርዱን አይታ ለአንተ እንደጻፈች እናትህ ነገሩኝ። ምርኮኞች ወዳሉበት መጽሐፍ ትወስዳለች አሉ። አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ጽፋው አንተ ነህ የገለበጥኸው። «ካርድ ቁጥር 41 እኛ ዘንድ አለ። ሽፋኑ ቀኝ እግሩ ላይ ተጎድቷል፤ እየተጠገነ ነው። ውስጡ ደህና ነው። መጽሐፍ ይዋሳል፤ በቀኑ ይመልሳል። መቼ እንደሚላክ እኔ አላውቅም።» እግዜር ይስጣት። እኔን ስትፈራ ሳይሆን ለእኔ ስትፈራ ነው በካርድ ቋንቋ የጻፈችው። አንተንም እግዜር ይስጥህ፤ አምርሬ ብሰድብህም ከልቤ ነው የምመርቅህ። መስመሩ ያስቸገረህ ለምን እንደሆነ አልጠፋኝም።

ነገር ግን ሸሻይ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ስቀበል ኖሬያለሁ። የተቀደደ ገጽ አያመልጠኝም። ወረቀቱ ከታች በመቀስ ተቆርጧል። ሰምሃር የሚለው ስም የተጻፈው ከጎን ነው፤ ታች ሦስት ወይም አራት መስመር ነበረ። ስለ አስፋው የደበቅኸኝ ነገር ካለ፣ እግሩ ተቆርጦም ቢሆን፣ ንገረኝ። የተቆረጠውን ላክልኝ።

ዘነበች


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘነበች፣

ለዚያ ጠዋት ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። ደስታውን በሰው አፍ ልንገርዎ ብዬ ነበር። እናቴም አምርራ ተቆጥታኛለች።

ስለ አስፋው የደበቅሁት የለም። እግሩ አለ። የቆረጥሁት የእርስዎን አይደለም። ምንም አልነበረም ብዬ ልጽፍልዎ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። የተቀደደ ገጽ አያመልጠኝም ላለችኝ ሴት መዋሸት አልሆነልኝም። ይኸው፤

«ዳዊት የሚባል ያገሩ ልጅ አብሮት ነበር። መጋቢት ላይ በአስፋው እጅ ነው ያረፈው። የቀበረው እሱ ነው። ለእናቱ ማን ይነግራታል እያለ ይጨነቃል።»

መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ አውቃለሁ። ለእናትየዋ ሳይሆን ለእርስዎ ነው የጻፍሁት። ምን መደረግ እንዳለበት ግን አላውቅም። ካርዱን ትናንት አንስቼዋለሁ። ሌሎቹ አርባዎቹ አሉ።

ሸሻይ


መርሳ፣ መጋቢት 23 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለሸሻይ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ስምንት ቀኔ ነው። ምን አደረግሽ ብትለኝ ምንም። ትርንጎ በየቀኑ ቤቴ ትመጣለች። የእኔ ደስታ ለእሷም ተስፋ ሆኗት ልብሷን አጥባ፣ ጠጉሯን ተሠርታ ነው የምትመጣው። እኔ ደግሞ ስትስቅ አብሬያት እስቃለሁ። እንዲህ ያለ ውሸት ውስጥ ሆኜ አላውቅም። በአንተ ላይ ልናደድ እፈልጋለሁ፤ ላክልኝ ያልሁህ ግን እኔው ነኝ።

ንስሐ አባታችንን አማከርኋቸው። አቶ አብዱልሐሊምም አለበት፤ መንደሩ ውስጥ ክርስቲያን ሲሞት እሱ፣ እስላም ሲሞት እኛ ነን የምንቀድመው። ለነገ ማለዳ ተቀጣጥረናል። ቄሱ አንቺ ቅሪ አሉኝ። የአንቺ ልጅ አለ፤ መርዶውን ከአንቺ አፍ መስማት ይከብዳታል፤ በኋላም ዓይንሽን ማየት ትጠላለች አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን እሄዳለሁ አልኋቸው። ለእኔ ያለቀሰችው ከሁሉ ቀድማ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ንባብ ቤት ገባች። አርብ አይደለም፤ ገበያም የላትም። አንድ ነገር ረስቻለሁ አለችኝ። ዳዊት ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ጥቁር ምልክት አለው፤ ስታጥበው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ካልተጻፈ ማን ይለየዋል አለች። ተልኳል የምልበት አፍ አልነበረኝም። ካርዱን ከመሳቢያ አወጣሁት። አየችው፤ ማንበብ ስለማትችል ያው ያልተላከው ካርድ መሆኑን አላወቀችም። ብዕሩን አነሳሁና ምልክቱን ጻፍሁላት። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አልሁበት።

«ያዩታል?» አለችኝ።

«ያዩታል» አልኋት።

ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቄሱና ከአቶ አብዱልሐሊም ጋር በሯን አንኳኳለሁ።

ዘነበች